ኮምፒዩተር መብረርን ያስተምራልን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በትምህርት ቤታችን አይሮፕላን አብራሪ ለመሆን የሚመኙ ተማሪዎች ቍጥር እየበዛ ሄዷል። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ በቤታቸው ወይም በዘመድ ቤት ሲሙሌተር በተባለው፣ በረራን በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ በሚያሳየው ፕሮግራም ይለማመዳሉ። በዕረፍት ሰዓት ተሰብስበው ሲጨዋወቱ አንዱ፤ «እኔ እስካሁን 200 ሰዓት በርሬአለሁ» ይላል፤ ሁለተኛውም፤ «እኔ ትናንት ማታ ከቦሌ ተነሥቼ ናይሮቢ በሰላም አረፍሁ» ብሎ ይመልሳል። ወላጆች ደግሞ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «ይህስ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ይልቅ ደብተርህን ግለጥ» ይላሉ።

እንግዲህ እውነቱ ከማን ጋር ነው? በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነቱን በግማሽ በግማሽ ይዘውታል። ሲሙሌተር በራሱ ጨዋታም አይደለም፤ ትምህርትም አይደለም። ጨዋታ ወይም ትምህርት የሚያደርገው የተጠቃሚው ሥርዓትና የሚያርመው ሰው መኖር ነው። አራሚ የሌለው ልምምድ ስሕተትን ያጸናል፤ አራሚ ያለው ልምምድ ግን ገንዘብንና ጊዜን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን ያድናል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው። የምናገረውም አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን ስለሚያሠለጥኑባቸው ታላላቅ መሣሪያዎች ሳይሆን፤ እንደ ሴስና 172 ያለውን አንድ ሞተር ያለው ትንሽ አይሮፕላን ለመማር በቤት ኮምፒዩተር ስለሚደረግ ልምምድ ነው። እኔ ራሴ የእውነተኛ አይሮፕላን መሪ ገና አልጨበጥሁም፤ የምጽፈው ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና በሲሙሌተሩ ላይ ያየሁትን አመዛዝኜ ነው። ዓመታቱንም ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን በምትባል ከተማ ኤድዊን ሊንክ የሚባል ወጣት ነበረ። አባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ስለ ነበራቸው እርሱም በዚያ ሥራ አደገ። በ1920 መብረር መማር ሲጀምር የትምህርቱ ዋጋ ከባድ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ተማሪ ከምድር ሳይነሣ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀስምበት መሣሪያ ለመሥራት ዐሰበ። ለኦርጋን ነፋስ የሚሰጠውን ወናፍ ወስዶ፣ ክንፍና ጅራት ያላትን ትንሽ አይሮፕላን መሰል ሣጥን በወናፎች ላይ አስቀመጠ፤ መሪው ሲነካም ሣጥኗ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንድታዘነብል አደረጋት። ይህ ሥራ በ1929 ተፈጸመ።

የሚያስገርመው ነገር ግን መሣሪያውን በመጀመሪያ ጊዜ ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ የመዝናኛ ቦታ ባለቤቶች መሆናቸው ነው። ሕዝቡ ገንዘብ እየከፈለ በሣጥኗ ውስጥ እየተቀመጠ ይጫወትባት ነበር። ወላጆቻችን «ጨዋታ ነው» የሚሉት ነገር እንግዲህ ከመጀመሪያውም ጨዋታ ነበረ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በ1934 የአሜሪካ ጦር አይሮፕላኖች የፖስታ ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ታዘዙ። ጊዜው ክረምት፣ ሰማዩ ጭጋግ ነበረ፤ አብራሪዎቹም ውጭ ሳያዩ በመለኪያ መሣሪያ ብቻ መብረርን በሚገባ አልተማሩም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 የማያንሱ አብራሪዎች ሞቱ። ከዚህ መከራ በኋላ ጦሩ ስድስት የሊንክ መሣሪያዎችን ገዛ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም 10,000 ያህል ተሠርተው ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ አየር ኃይለኞች ተማሩባቸው።

ያችን የመጫወቻ ሣጥን የትምህርት መሣሪያ ያደረጋት ምንድን ነው? ወናፉ ያው ወናፍ ነው። ነገር ግን ከሣጥኗ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ በጠረጴዛውም አንድ አስተማሪ ተቀመጠ። ተማሪው በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሲበር፤ ጎማ ያላት ትንሽ መሣሪያ የሄደበትን መንገድ በጠረጴዛው ወረቀት ላይ በቀለም ትሥል ነበር። ተማሪው ሲወርድ አስተማሪው ወረቀቱን ያሳየዋል፤ «እዚህ ላይ ነፋሱን ረሳህ፤ እዚያ ላይ ዘግይተህ ዞርህ» ይለዋል። ጨዋታውን ትምህርት ያደረገው እንግዲህ ወናፉ አይደለም፤ ጠረጴዛው ነው።

አሁን ወደ ቤት ኮምፒዩተር እንመለስ። ብሩስ አርትዊክ የተባለ አሜሪካዊ ከ1980 መግቢያ ገደማ ጀምሮ አፕል በተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር የሚሠራ የበረራ ፕሮግራም ለገበያ አቀረበ፤ በ1982ም ማይክሮሶፍት በአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር እንዲሠራ አድርጎ አወጣው። በዚያን ጊዜ ተራራው ሦስት መስመር፣ ከተማውም ጥቂት ነጥብ ነበር። በ2020 የወጣው ግን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ዓለምን ሁሉ ስለሚያሳይ፤ ከቦሌ ሲነሡ የእንጦጦን ተራራና የአዲስ አበባን መንገዶች ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ኤክስ ፕሌን የሚባልም አለ፤ ፍላይትጊር የሚባል ያለ ዋጋ የሚገኝም አለ። ይህ ሁሉ ድንቅ ነው። ነገር ግን የሥዕል ማማር ብቻውን ትምህርት አይሆንም። እንዲያውም ሥዕሉ እውነተኛውን በመሰለ መጠን፤ የጎደለውን ነገር ለማየት ያስቸግራል።

የጎደለውስ ምንድን ነው? አንደኛው የዐይን ጉድለት ነው። ትንሽ አይሮፕላን ሰማዩ ጥሩ በሆነ ቀን የሚመራው ውጭን በማየት ነው። አብራሪው የአይሮፕላኑን አፍንጫ ከአድማስ ጋር እያስተያየ ይበራል፤ መለኪያዎቹን በየመካከሉ ቃኘት አድርጎ ብቻ ወደ ውጭ ይመለሳል። ሌላ አይሮፕላን እንዳይመጣበትም አንገቱን እያዞረ ሰማዩን ይጠብቃል። በቤት ውስጥ ግን ሰማዩ ሁሉ በአንድ ጠባብ ስክሪን ላይ ነው፤ በግራና በቀኝ የሚታየው የቤቱ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሳይታወቀው ዐይኑን በመለኪያዎቹ ላይ ይተክላል። የበረራ አስተማሪዎች እንዲህ ያለ ተማሪ ሲገጥማቸው አንዳንድ ጊዜ መለኪያዎቹን በወረቀት ይሸፍኑበታል፤ ውጭን ማየት እንዲለምድ ማለት ነው።

ሁለተኛው የእጅና የእግር ጉድለት ነው። በእውነተኛው አይሮፕላን ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይጠነክራል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ይላላል። አብራሪው ፍጥነቱ መውረዱን መለኪያውን ሳያይ በእጁ ያውቀዋል። በጠረጴዛ ላይ ያለው ጆይስቲክ ግን በስፕሪንግ ስለሚሠራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ደግሞም ሴስና 172 በሙሉ ኃይል ሲወጣ አፍንጫው ወደ ግራ መሄድ ይፈልጋል፤ አብራሪውም በቀኝ እግሩ ፔዳሉን መጫን አለበት። በቤት የሚለማመድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የእግር ፔዳል የለውም፤ ፕሮግራሙም የእግሩን ሥራ ራሱ ይሠራለታል። እንዲህም ሆኖ ሁለት መቶ ሰዓት «የበረረ» ሰው እግሮቹ አንድ ሰዓት እንኳ አልበረሩም።

ሦስተኛው የሰውነት ስሜት ጉድለት ነው። በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይሮፕላኑ ሲዞር ሰውነቱ አይከብደውም፤ አየሩ ሲናወጥ ሆዱ አይላወስም። ይህ ስሜት አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያታልላል። በ1954 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት በመለኪያ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎች ከአስተማሪ ጋር ሆነው በደመና ውስጥ እንደ ገቡ ውጭ እንዳያዩ ተደረገ። ሃያዎቹም አይሮፕላኑን መቈጣጠር አቃታቸው፤ ይህም የሆነው በአማካይ በ178 ሰኮንድ ውስጥ ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም ማለት ነው። ሰውነታቸው «ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ» ሲላቸው አይሮፕላኑ እየዞረ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። የሚያታልል ስሜት በሌለበት ወንበር ላይ መለኪያ ማንበብን የተማረ ሰው ንባቡን አውቋል፤ ከስሜቱ ጋር መታገልን ግን ገና አላወቀም።

አራተኛው ጉድለት ማቆሚያው ነው። በኮምፒዩተር ላይ ነገሩ ሲከብድ አንድ ቍልፍ በመጫን በረራውን ማቆም፣ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። ቢወድቅም «እንደ ገና ጀምር» የሚል ጽሕፈት ይመጣል። በሰማይ ላይ ግን ማቆሚያ የለም።

አባቶቻችን «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላሉ። ልማድ በጎ ይሁን ክፉ እየተደጋገመ ሲሄድ ይጸናል። በፊደል ትምህርት ቤት ሀ ሁ ሂ ብሎ እስከ መጨረሻው በዜማ የሚወርድ ሕፃን ብዙ ነው፤ የኔታ ግን ጣታቸውን ከገበታው መካከል በአንዲቱ ፊደል ላይ አድርገው «ይህችስ ማን ናት?» ሲሉት ዝም ይላል። ፊደል ቈጥሯል እንጂ ፊደል አላወቀም። እንዲሁም ያንኑ አይሮፕላን፣ ከዚያው መንደርደሪያ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በጠራ ሰማይ ዘወትር የሚያስነሣ ጓደኛችን በረራን በዜማ ያወርደዋል እንጂ አላወቀውም። የኔታ የሚያደርጉትን የሚያደርግለት ሰው ያስፈልገዋል።

እስካሁን የተናገርሁትን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ይህ ነገር ይቅር» ሊል ይችላል። አንዳንድ የበረራ አስተማሪዎችም ኮምፒዩተር ያልነካ ተማሪ ቢመጣላቸው ይመርጣሉ፤ የተጣመመውን ከማቃናት አዲሱን መትከል ይቀላል ባዮች ናቸው። አነጋገራቸው ምክንያት አለው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም መብረር የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ሥራም ስለ ሆነ ነው።

አንድ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚያስጨንቀው የመሪው ክብደት ብቻ አይደለም። ሞተር ከመነሣቱ በፊት በቼክሊስት የተጻፈውን በተራ መመርመር አለበት፤ ሬዲዮ መስማትና መመለስ አለበት፤ በማረፊያው ዙሪያ የሚበረውን አራት ማዕዘን መንገድ፣ በየማዕዘኑም የሚሠራውን ማስታወስ አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሴስናዋ በሰዓት ከ30 ሊትር ያላነሰ ነዳጅ ትጠጣለች፤ አስተማሪውም በሰዓት ይከፈለዋል። ተማሪው «ቀጥሎ የሚሠራው የቱ ነበር?» እያለ በሚያስብበት ደቂቃ ሁሉ የቤተ ሰቡ ገንዘብ እየተቃጠለ ነው። ይህን ቅደም ተከተል በቤት ሆኖ እስኪዋሐደው ድረስ ያጠና ተማሪ በሰማይ ላይ ጭንቅላቱን ለሌላ ነገር ነጻ ያደርጋል።

ደግሞም በእውነት ሊሞከር የማይገባውን ነገር በስክሪን ላይ መሞከር ይቻላል። አይሮፕላን ገና ከመንደርደሪያው ተነሥቶ ጥቂት ከፍ እንዳለ ሞተሩ ቢጠፋ የሰው ልብ የሚመኘው ወደ ኋላ ዞሮ በዚያው ሜዳ ማረፍን ነው። ብዙዎች የሞቱት ይህን ሲሞክሩ ነው፤ በዝቅተኛ ከፍታ ጠበቅ አድርጎ ሲዞር ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተውና አይሮፕላኑ ይወድቃል። ተማሪው በሲሙሌተሩ ላይ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በ300 ሜትር ሞተሩን እያጠፋ መመለስ ይችል እንደ ሆነ ቢፈትን፤ ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ መምረጥ ለምን እንደሚሻል በራሱ ዐይን ያያል። ትክክለኛው ከፍታ ስንት እንደ ሆነ ግን ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከአስተማሪውና ከአይሮፕላኑ መጽሐፍ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለእኛ አገር ተማሪ በተለይ የሚጠቅም አንድ ፈተና ልጨምር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ደንበኛው የአየር ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው ተብሎ ይቈጠራል። ቀኑ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ግን አየሩ ስለሚሳሳ፤ ለአይሮፕላኑ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚነሣ ያህል ይሆንበታል። ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው የትንሽ አይሮፕላን ሞተር በዚህ ጊዜ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል ከሩብ የሚበልጠውን ያጣል፤ ክንፉም አየሩን ለመያዝ ይበልጥ መሮጥ አለበት። ይህን በፊዚክስ ደብተራችን ጽፈነው ይሆናል፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? አንድ ተማሪ ሴስናዋን መጀመሪያ በባሕር ዳር ካለው ከጅቡቲ ማረፊያ፣ ቀጥሎም በሞቃት ቀን ከቦሌ አስነሥቶ፣ ከምድር እስክትነሣ የፈጀችውን ሰኮንድ በደብተሩ ቢጽፍ፤ የአየር መሳሳት ማለት ምን እንደ ሆነ ዳግመኛ አይረሳውም። ይህ ጨዋታ ነውን? ለእኔ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

በዚህ ነገር ሊቃውንትም መርምረዋል። በእስራኤል አገር በቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ዳንኤል ጎፈርና ረዳቶቻቸው የአየር ኃይል የበረራ ተማሪዎችን በአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለ10 ሰዓት ያህል አሠለጠኑ፤ ውጤቱንም በ1994 አሳተሙ። ያን ጨዋታ የተለማመዱት ተማሪዎች በእውነተኛው በረራ ካልተለማመዱት የተሻለ ውጤት አገኙ። ጨዋታው ግን አይሮፕላንን በጭራሽ አይመስልም፤ በጠፈር ላይ ያለን ምሽግ መውጋት ነው። ከጨዋታው ወደ አይሮፕላኑ የተሻገረው ሐሳብን በብዙ ነገር ላይ አከፋፍሎ የመጠበቅ ችሎታ ነው፤ ይህንንም እንዲለማመዱ ሥልጠናው በዕቅድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ ዓመታት በኮምፒዩተር በመለኪያ መብረርን የሚማሩ ተማሪዎች ተመርምረው ነበር፤ መሣሪያው አዲስ ትምህርት ሲጀመር ብዙ እንደሚረዳ፣ የታወቀውን ለመከለስ ግን ጥቅሙ አነስተኛ እንደ ሆነ ታየ። ከሁለቱም የምንማረው ጥቅሙ በሰዓት ብዛት ሳይሆን በዕቅድ መሆኑን ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይመሰክራል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት የሚያንሰው ዕድሜ 17 ዓመት ነው፤ የሚያንሰው የበረራ ጊዜም 40 ሰዓት ነው፤ በተፈቀደ ትምህርት ቤት ለተማረ 35 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓት ለብቻ የሚበረር ነው፤ አንዱ ጉዞም ከ270 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም። በአሜሪካ ሕግ መንግሥት መርምሮ በፈቀደው አነስተኛ መሣሪያ፣ አስተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ የተለማመደ ተማሪ ከ40ው ሰዓት ውስጥ 2 ሰዓት ተኩል ሊታሰብለት ይችላል። በመኝታ ቤት በግል ኮምፒዩተር የተበረረው ግን አንድ ደቂቃም አይታሰብም። እንግዲህ 200 ሰዓት «የበረረው» ጓደኛችን በበረራ መዝገቡ ላይ የሚጻፍለት ዜሮ ነው። ይህን የምለው ላሳፍረው አይደለም፤ ድካሙ የሚቈጠርበትን መንገድ እንዲፈልግ ነው።

አሁን ደግሞ ከብዙ አንባብያን ልብ የማይጠፋውን ጥያቄ ላንሣ። «ኮምፒዩተር የሌለውስ ተማሪ ምን ያድርግ? አብራሪነት የባለጸጋ ልጅ ዕጣ ሊሆን ነውን?» የሚል ነው። መልሱ ደስ የሚያሰኝ ነው። የበረራ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን የሚመክሩት አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ገንዘብም ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ተማሪው የአይሮፕላኑን የፊት ገበታ በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላል፤ ወረቀቱን ከፊቱ ለጥፎ በወንበር ይቀመጣል፤ ዐይኑን እየመራ፣ እጁን በየመለኪያውና በየቍልፉ ሥዕል ላይ እያኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከሞተር ማስነሣት እስከ ማረፍ ያለውን ሥራ በተራ ይናገራል። በዚህ መንገድ በሥርዓት የተለማመደ ልጅ፣ ውድ ኮምፒዩተር ይዞ ያለ ሥርዓት ከሚንሸራሸር ልጅ ይበልጣል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ሥርዓቱ ከመሣሪያው ይቀድማልና።

እንግዲህ አስተያየቴን ወደ ሥራ ለመለወጥ የሚከተሉትን አምስት ደንቦች ለጓደኞቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት ዛሬ የምንማረው አንድ ነገር በደብተር ይጻፍ። «ዛሬ ልብረር» ማለት ዕቅድ አይደለም፤ «ዛሬ በግራ ነፋስ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ» ማለት ግን ዕቅድ ነው። ሁለተኛ፤ የማቆሚያው ቍልፍ አይነካ። የተበላሸው በረራ እስከ መጨረሻው ይበረርና ለምን እንደ ተበላሸ ይጻፍ። ሦስተኛ፤ ሰማዩ ጥሩ በሆነበት ልምምድ መለኪያዎቹ በወረቀት ይሸፈኑና ዐይን ወደ ውጭ ይልመድ፤ በመለኪያ መብረር ለብቻው በሌላ ቀን ይጠና። አራተኛ፤ ከአጠገብ አንድ ጓደኛ ይቀመጥ፤ ቼክሊስቱን ይዞ የተዘለለውን ይመዝግብ፤ ነፋሱን ወይም ሞተሩን ሳይናገር ይለውጥበት። እርሱም የሊንክን ጠረጴዛ ይተካል። አምስተኛ፤ ወደ እውነተኛው የበረራ ትምህርት የሚገባ ሰው በኮምፒዩተር መለማመዱን ከመጀመሪያው ቀን ለአስተማሪው ይንገር። አስተማሪው ያላወቀውን ልማድ ሊያርም አይችልምና። ከዚያም በኋላ በቤት የሚደረገው ልምምድ አስተማሪው ያዘዘው ብቻ ይሁን።

ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርም አንድ ትሕትና የተሞላበት ልመና አለኝ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ካሉት መሣሪያዎች በአንዱ ላይ ያለ ዋጋ የሚገኘው ፕሮግራም ተጭኖ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ደብተር ይዘው ለሚመጡ ተማሪዎች ብቻ ቢፈቀድ መልካም ይመስለኛል። የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ አየር መሳሳትና ስለ ክንፍ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ስለ ካርታና ስለ ነፋስ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንም ስለ ሬዲዮ አነጋገር ጥቂት ቢያግዙን፤ አብራሪ የማይሆኑት እንኳ ብዙ ይጠቀማሉ።

ለወላጆችም የምለው አለኝ። ልጅዎ ወይም ልጅሽ በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ሲያዩት «ተነሣ!» ከማለትዎ በፊት «ደብተርህን አሳየኝ» ይበሉት። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ጨዋታ ነውና ያስነሡት። ዕቅዱና ስሕተቱ ተጽፎ ካገኙት ግን ልጁ እየተማረ ነው፤ ጥቂት ይታገሡት።

ውድ ጓደኞቼ! ወደ ሰማይ መውጣት የምንመኝ ሁላችን ይህን አንርሳ። አይሮፕላን አንድ ቀን አብራሪውን ብቻ ሳይሆን እናቶችንና ሕፃናትን ያሳፍራል። እነርሱም በኮምፒዩተር ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጥን አይጠይቁንም፤ በሰላም እንድናወርዳቸው ብቻ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሰዓት ብዛት መመካቱን ትተን፤ ዛሬ ማታ የምንጽፋት አንዲት ስሕተት፣ ነገ የምናርማት አንዲት ልማድ ትኑረን። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን የታቀፈችው እናት ስላለችው ነው።